የፈሰሰ ስም

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 5፣ ከቀትር በኋላ ያሉት ሰዓቶች የጸጥታ ሰዓቶች ናቸው። ሱቆች ይዘጋሉ፤ በዕለቱ ከኢትዮጵያ የገባው ጫት በየቤቱ ይደርሳል፤ ሙቀቱ ጋብ እስኪል ድረስ በመንገዱ ላይ የሚታየው ከግድግዳ ግድግዳ ጥላ የሚፈልግ ፍየል ብቻ ነው። ከድሬዳዋ መጥተው በዚህ ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ለኖሩት አንዲት ወይዘሮ ግን ይህ የሒሳብ ሰዓት ነው። ሌሊት ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ እስከ እኩለ ቀን ለወደብ ሠራተኞችና ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሽሮና ወጥ ያቀርባሉ፤ ምጣዱ ሲበርድ ምንጣፋቸው ላይ አረፍ ብለው የዕለቱን ፍራንክ በሦስት ይከፍሉታል። አንዱ ለቤት ኪራይ፣ አንዱ ለጤፍና ለከሰል፣ ሦስተኛው ድሬዳዋ ላሉት ታናሽ እህታቸው ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጃቸው የሚያድገው እዚያ ነውና።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ለዓመታት አንድ ነበር። ከሰፈሩ ብዙም ከማይርቅ የአንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት መስኮት ይቀርባሉ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ፎቶ ኮፒ ይነሣል፤ ስማቸው ከነአባትና ከነአያት፣ የስልክ ቁጥራቸው፣ የተቀባዩ ስምና ዝምድና፣ የገንዘቡ ልክ ይመዘገባል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ድርጅቱ በስልክ የሚያዝ የገንዘብ ቦርሳ ሲያወጣ ወይዘሮዋም ተመዘገቡ። ወረፋው ቀረላቸው፤ ቁጠባቸውንም ከፍራሽ ሥር አንሥተው ወደ ስልካቸው አዛወሩት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የደዋዩ አማርኛ የለዘበ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ከድርጅቱ ነው የምደውለው» አለ። ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጠራ። እህታቸውንም በስም ጠራ። ባለፈው ወር የላኩት 15,000 ፍራንክ በመንገድ ላይ መያዙን ነግሮ፣ ለማስለቀቅ አሁን በመልእክት የሚደርሳቸውን ስድስት አኃዝ ማንበብ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳቸው። አኃዙ ደረሰ፤ ወይዘሮዋም አነበቡለት። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብሎ ዘጋ። ማምሻውን ቦርሳቸውን ሲከፍቱት 42,000 ፍራንክ፣ በዶላር ሲታሰብ 236 ያህል፣ የለም። የወሩ የቤት ኪራይና የልጃቸው የትምህርት ቤት ወጪ በዚያ ውስጥ ነበር።

የሌባው ዘዴ ረቂቅ አልነበረም። የወይዘሮዋን ቦርሳ በራሱ ስልክ ላይ ለመክፈት ሲሞክር፣ ድርጅቱ ባለቤትነታቸውን ለማረጋገጥ አኃዙን ወደ ወይዘሮዋ ስልክ ላከ። አኃዙ ቁልፍ ነበር፤ እርሳቸው ግን ገንዘባቸውን የሚያስለቅቅላቸው መሰላቸው።

ለመሆኑ ወይዘሮዋ ስለ ምን አመኑት? ሞኝ ስለ ሆኑ አይደለም። ሃያ ዓመት በሰው አገር ነግደው የኖሩ፣ በእንጀራቸው ላይ አንዲት ሳንቲም የማያሳልፉ ሴት ናቸው። ያመኑት ያደጉበት ሥርዓት እንዲያምኑ ስላስተማራቸው ነው። በኢትዮጵያ ሰው የሚታወቀው በትውልዱ ነው። እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ አባትና አያት ከተጠራ በኋላ ወንበር ይቀርባል፤ ቡና ይፈላል። የአያትን ስም የሚጠራ ሰው ባዳ አይደለም። መሥሪያ ቤቶችም ይህንኑ ልማድ ወርሰው በቅጻቸው ላይ የአያት ስም፣ አንዳንዴም የእናት ስም ይጠይቃሉ። ባለጉዳዩ ራሱ ስለ መሆኑም ማረጋገጫ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። እንግዲህ መዝገቡ ከድርጅቱ እጅ ሲያመልጥ ያመለጠው ቁጥርና ፊደል ብቻ አይደለም። ወገን ከባዳ የሚለይበት ምልክት አብሮ ወጥቷል። ማንም ገዝቶ የአያት ስም መጥራት ከቻለ፣ የአያትን ስም ማወቅ ከእንግዲህ የማንም ምስክር ሊሆን አይችልም።

ወይዘሮዋ ለሁለት ቀን ለማንም አልተነፈሱም። እንጀራቸውን ጋገሩ፤ ደንበኞቻቸውን አስተናገዱ፤ ሲጠየቁ «ሙቀቱ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ወጣት ጎረቤታቸው፣ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ቡና ሊጠጣ ሲገባ ፊታቸውን አይቶ ጠየቃቸው። ስልኩን ዝም ብለው ሰጡት። ልጁ መልእክቶቹን ወደ ኋላ እያየ ሲሄድ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በፈረንሳይኛ የገባ አንድ ጽሑፍ አገኘ። «ውድ ደንበኛችን» ይላል። በድርጅቱ የመረጃ ማከማቻ ላይ ያልተፈቀደ መግባት መታየቱን፣ አንዳንድ የደንበኞች መረጃም በሌላ ወገን እጅ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ይገልጽና ድርጅቱ የደንበኞቹን ደኅንነት ከሁሉ እንደሚያስቀድም ተናግሮ ያበቃል። የወጣው ምን ዓይነት መረጃ እንደ ሆነ፣ ደንበኛውም ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ ቃል የለበትም።

«አውቀው ነበር ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አዎ እትዬ፣ ነግረዎታል። በማያነቡት ቋንቋ ሆነ እንጂ» አለ ልጁ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። የካርቲየ 5ቱ መስኮት በዚህ ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበው ኤክዊፋክስ የተባለው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተወስዶበታል። ሰርሳሪዎቹ የገቡበት የሶፍትዌር ቀዳዳ መድፈኛው በመጋቢት ወር ወጥቶለት ሳለ ኩባንያው አልደፈነውም ነበር። መሰረቁን ያወቀው በሐምሌ መጨረሻ ሲሆን ለሕዝብ የተናገረው በመስከረም 7 ቀን ነው፤ በመካከሉ 40 ቀን አልፏል። ፌስቡክም ቢሆን፣ እስከ 2019 ባለው ጊዜ ተለቅሞ የወጣ የ533 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹ መረጃ፣ አብዛኛውም ከነስልክ ቁጥሩ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ለማንም በነጻ ሲዘራ፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት የማስታወቅ ዕቅድ እንደሌለው ገልጾ ነበር። ሰዎቹ ከ106 አገሮች ነበሩ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ 28 ሚሊዮን ያህል ቁጥሮች ወጥተዋል። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በኅዳር 2022 በኩባንያው ላይ የ265 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሏል። ቅጣቱ ግን የሚከፈለው ለመንግሥት ነው፤ ቁጥሩ ለተዘራበት ሰው ከዚያ የሚደርሰው ነገር የለም።

እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይህን አምኖ መቀበል የመጀመሪያው ብልሃት ነው። መረጃው አንዴ ከወጣ የሚመልሰው ድርጅት፣ የሚሰርዘው ፖሊስ የለም። ሆኖም ከፈሰሰው ውስጥ ሊለወጥ የሚችልና የማይችል አለ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የአያት ስም አይለወጡም። የምስጢር ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የቦርሳው መክፈቻ ይለወጣሉ። በሚለወጠው ላይ ፈጥኖ መድረስ፣ በማይለወጠው ላይ ደግሞ እምነትን መንሣት ያስፈልጋል።

ልጁና ወይዘሮዋ የጀመሩት ከሚለወጠው ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድርጅቱ ደውለው ቦርሳው እንዲታገድ አደረጉ። ቀጥሎም የምስጢር ቁጥራቸውን ለወጡ። ወይዘሮዋ የተጠቀሙበት ቁጥር የራሳቸው የልደት ዓመት ነበር፤ ይኸውም ድርጅቱ ዘንድ በተቀመጠው የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ላይ በግልጽ የሰፈረ ነው። ያንኑ አራት አኃዝ ለስልካቸው መክፈቻም ይገለገሉበት ስለነበር እርሱም ተለወጠ። ለልጃቸው መገናኛ የከፈቱት የፌስቡክ ገጽ፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ሆነ። በማግሥቱ ደግሞ የሲም ካርዳቸው አገልግሎት ወደሚሰጥበት ቢሮ በአካል ሄደው፣ እርሳቸው ካልቀረቡ በቀር ቁጥሩ ወደ ሌላ ሲም እንዳይዛወር አመለከቱ። የሰው ፎቶ ኮፒና ሙሉ ስም የያዘ ሌባ «ሲም ካርዴ ጠፋብኝ» ብሎ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላልና። ቁጥሩን የያዘ ደግሞ የሚላኩትን አኃዞች ሁሉ ይይዛል።

በውጭ ያሉ ወገኖችም እንደየአገራቸው የሚያደርጉት አለ። በአሜሪካ ከኤክዊፋክስ ጥፋት በኋላ በወጣ ሕግ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ማንኛውም ሰው የብድር መዝገቡን ያለ ክፍያ ማስቆለፍ ይችላል። መዝገቡ ከተቆለፈ ሌባ በሰው ስም አዲስ ብድር ማውጣት እጅግ ይከብደዋል። ትሮይ ሐንት የተባለው አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ነጻ አገልግሎትም አለ። የኢሜይል አድራሻውን ያስገባ ሰው፣ አድራሻው በታወቁ የመረጃ ፍሳሾች ውስጥ መገኘት አለመገኘቱን ይነግረዋል።

ሁለተኛው ሥራ ደብዳቤ ነበር። ወይዘሮዋ መጀመሪያ አልፈለጉትም። «ልጄ፣ ደብዳቤ ገንዘብ ይመልሳል እንዴ?» አሉ። ልጁ ግን ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ ምን እንደ ወጣ ማወቅ እንደሚገባቸው አስረዳቸው። ደብዳቤው በፈረንሳይኛ፣ በሁለት ቅጂ ተጻፈ። አራት ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ከመረጃዬ ውስጥ የትኛው ወጣ? መቼ ወጣ? የመኖሪያ ፈቃዴን ፎቶ ኮፒ እስከ አሁን ለምን ትይዛላችሁ፣ ልትሰርዙትስ ትችላላችሁ? የተወሰደብኝን 42,000 ፍራንክ በተመለከተ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱን ቅጂ ሰጥተው በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ፤ የተመዘገበበትንም ቁጥር ተቀበሉ። ያለ ማኅተምና ያለ ቁጥር የሚቀርብ አቤቱታ ከመስኮቱ ሳያልፍ ይረሳል።

ድርጅት ለሚያስቀምጠው የሰው መረጃ መጠየቅ እንዳለበት ዓለም እየተቀበለው መጥቷል። ከግንቦት 2018 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሠራበት ደንብ፣ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ጉዳት ባወቁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲያስታውቁ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታ፣ የ72 ሰዓቱን ግዴታ ተቀብላለች። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ እንዲሰረዝም የመጠየቅ መብት በአዋጁ ተጽፏል። የወይዘሮዋ እህት ስምና ስልክ በድሬዳዋ በኩልም ተመዝግቧልና አዋጁ ለዚህ ቤተሰብ ሩቅ ነገር አይደለም። መብት ግን ካልጠየቁት በወረቀት ላይ ይቀራል።

በካርቲየ 5 ለመጠየቅ የሚከብደው ብዙ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት፣ ከነጭራሹም የሌለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ አይደርስም። ሌባው ይህን ያውቃል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ያፍራል፤ «ተታለለች» መባልን ከገንዘቡ ይልቅ ይፈራል። ወይዘሮዋ ሁለቱን ቀን ዝም ያሉት በዚሁ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ግን በዕቁባቸው ቡና ላይ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ የሆነውን ሁሉ ከአንድ እስከ አሥር ተናገሩ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዲት ሴት ያው ድምፅ ለእርሷም መደወሉን አወጣች። ሌላዋ ስልኩን ሳትጨርስ መዝጋቷን ተናገረች። ሦስተኛዋ ግን 20,000 ፍራንክ ተወስዶባት ከባሏ ደብቃ እንደነበር እያለቀሰች ገለጸች። ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ቀን አፍረው ባይሸሽጉት ኖሮ አራተኛዋ ሴት ዓርብ ዕለት ለመጣው ጥሪ አትዘጋጅም ነበርን? ይህን ጥያቄ ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። በሳምንቱ አምስት ሴቶች አብረው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ፈቃድ የሌላት አንዷ አቤቱታዋን በሌሎቹ ደብዳቤ ውስጥ፣ ስሟ ሳይጠራ፣ እንደ ምስክርነት አስገባች። አንድ ሰው ሲሄድ «ነገ ይምጡ» የሚለው ጸሐፊ አለቃውን ጠራ። ከአንድ ወር በኋላ ለወይዘሮዋ የጽሑፍ መልስ ደረሳቸው። የወጣው ሙሉ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ፣ የተቀባዮች ስምና የተላከው ገንዘብ ልክ መሆኑን ይዘረዝራል። የቆዩት ፎቶ ኮፒዎች እንደሚሰረዙ ይገልጻል። አኃዙን ራሳቸው ስላነበቡ ግን 42,000 ፍራንኩን ድርጅቱ እንደማይተካ ይነግራል። ወይዘሮዋ ደብዳቤውን ልጁ ሲያነብላቸው ሰምተው አጥፈው ከማኅተሙ ቅጂ ጋር አስቀመጡት። ልጃቸው የዚያን ወር ወጪ ከእህታቸው ብድር ሸፈነ፤ ብድሩም በሦስት ወር ተከፈለ።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ የተለወጡ ሦስት ልማዶች አሉ። ፎቶ ኮፒ ሲጠየቁ፣ ከመስጠታቸው በፊት ወረቀቱ ላይ ፊታቸውን ሳይሸፍን «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብለው ከነቀኑ በእስክሪብቶ ያስጽፋሉ። እንዲህ ያለ ቅጂ ሌላ ቦታ ቢገኝ ከየት እንደ መጣ ራሱ ይናገራል። ሁለተኛው፣ ከእህታቸው ጋር አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ተስማምተዋል፤ በማንም ቅጽ ላይ ያልተጻፈ፣ እናታቸው በልጅነታቸው ትጠራቸው የነበረ የቤት ስም ነው። «ታመምኩ፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል ጥሪ በመጣ ጊዜ ያ ስም ካልተመለሰ ገንዘብ አይነቃነቅም። ሦስተኛው፣ ለሚደውልላቸው ድርጅት ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆኗል።

ይህ ሦስተኛው ብዙም ሳይቆይ ተፈትኗል። አንድ ጊዜ የተዘረፈ ሰው ስሙ በሌቦች ዘንድ እንደገና ይሸጣል፤ «የተወሰደብዎትን ላስመልስልዎ» የሚል ሌላ ይመጣል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ወይዘሮዋ ፍራንካቸውን በሦስት እየከፈሉ ሳሉ፣ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር፤ አማርኛው ግን እንደ ፊተኛው የለዘበ ነው። የአያታቸውን ስም ጠራ፤ 42,000 ፍራንኩ ተገኝቷል አለ፤ ለማስመለሻ 3,000 ፍራንክ ብቻ እንዲልኩ ጠየቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉት ወይዘሮዋ፤ «ነገ ማለዳ እዚያው መስኮቱ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ።»

ዘጉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱም እንዳሉት ሄደው ጠየቁ። ከመስኮቱ ማንም አልደወለም ነበር።